የእህቴ ሥጋ ሲመለስ

ታላቅ እህቴና እኔ በአንድ ልብስ ማጠቢያ ቤት የሆቴል ብርድ ልብስ እናጥባለን። የራሰ ብርድ ልብስ ለብቻ አይጨመቅም፤ ጫፍና ጫፉን ይዘን፣ አንዷ ወዲህ ሌላዋ ወዲያ እንጠመዝዘዋለን። እህቴ ወፍራም ሳለች ጎትታ ትጥለኝ ነበር።

ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። በሰው ፊት «በርሜል» ይላታል። ኋላ ጓዳውን ቆልፎ ቁልፉን በኪሱ ይዞ መዞር ጀመረ። ማታ አንድ ቁራሽ በእጁ ይሰጣታል፤ ጨምርልኝ ካለች ቀበቶ ነው። ከሳች። ቀሚሷ እንደ መጋረጃ ተንጠለጠለባት። ሰዉ «እንዴት አምሮብሻል!» ሲላት ደስ ይላት ነበር፤ አልደብቅም። ብርድ ልብሱን ስጠመዝዝ ግን ተጎትታ ትመጣብኛለች። አንድ ቀን ሲሚንቶው ላይ በግንባሯ ተደፋች።

ያን ቀን ከምሳዬ አካፈልኳት። በማግስቱም። እያደር ሥጋዋ ተመለሰ። እሷ ግን ሆዷን በእጇ ጨብጣ ታለቅሳለች።

«ያን ሁሉ ረሃብ ውሃ በላው።»

«ዝም ብለሽ ብዪ» እላታለሁ።

ባሏ ዓይን አለው። አንድ ከሰዓት በኋላ ማጠቢያ ቤቱ ድረስ መጣ።

«ማነው የሚቀልባት?»

«እኔ ነኝ።»

በጥፊ ባልዲው ላይ ጣለኝ። እሷን በጡጫ አፏን አላት፤ ሁለት ጥርሷ ረገፈ። ጸጉሯን ይዞ ሲጎትታት የሳሙናው ውሃ አንሸራተታቸውና ወደቁ፤ እሱ ከታች፣ እሷ ከላይ። ጎኗን በክርኑ ደበደበ። ክንዷን ነከሰ። አልተነሳችም፤ ደረቱ ላይ ተደላድላ ተቀመጠች።

«ተነሺ! ልትገድይኝ ነው!»

«ቁልፉን።» ደሟ ፊቱ ላይ ይንጠባጠባል።

«እምቢ!»

ይባስ ተጫነችው። ጎድኑ ቋ ሲል ሰማሁ። ልብስ የምትተኩሰው ጓደኛችን ከጥግ ሆና፣ «እትዬ፣ ሳይተኮስ እንዳትለቂው!» አለቻት።

«ኪሴ... ኪሴ ውስጥ ነው...»

አሁን እናቱ ቤት ነው፤ ጎድኑን ያስታምማል። ይመለሳል፤ እንዲህ ያለ ሰው መንገዱ አይጠፋውም። ጓዳው ግን ክፍት ነው። እህቴ በአንድ ጎን ነው የምታኝከው፤ ቀስ ትላለች እንጂ ሳትጠግብ አትነሳም።