ለሉዝ ያዘጋጀሁት መርዶ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለንስሐ አባቴም እንኳ። አሁንም ሳስታውሰው እየሳቅሁ ነው፤ ጥፋቱ ግን የሚያስቅ አይደለም።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ውስጥ ከሉዝ ጋር አንድ አፓርትመንት እንኖር ነበር። ሉዝ ፊሊፒናዊት ናት፤ ሄይዋርድ ከተማ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ አብረን እንሠራ ነበር። እናቷ የሚኖሩት እዚያው ፊሊፒንስ፣ ከባሕሩ ጠርዝ፣ የዓሣ አጥማጆች መንደር ውስጥ ነበር። አንድ ቀን ከባድ አውሎ ነፋስ ያን መንደር መታው። ባሕሩ ተነሥቶ ቤቱን ሁሉ ጠራርጎ ሲሄድ በቴሌቪዥን አየን። የእናቷ ወሬ ጠፋ። ሉዝ እህል አልቀምስ አለች።

እሷ ሺፍት ላይ ሳለች ስልክ ጮኸ። ሳን ሆዜ ያለችው የአክስቷ ልጅ ናት፤ ስቅስቅ ብላ እያለቀሰች «ሉዝ ቶሎ ኮል ታድርግልኝ» ብላ ዘጋችው።

አለቀ፣ እናትየው ሞተዋል አልኩ። ታዲያ እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፤ መርዶ በስልክ ይነገራል እንዴ? ሰው ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ ነው እንጂ! ለማውቀው ሐበሻ ሁሉ ደውዬ ለማለዳ ቀጠርኩ። ከዚያ ስልኩን ነቀልኩ። ሉዝ ስትመጣ «ማንም አልደወለም» አልኳት፤ እኔው፣ በዚህ አፌ! እሷም ከዚያ ከተነቀለ ስልክ አጠገብ ቁጭ ብላ ስትጠብቅ አደረች። ማን ሾመኝ?

ማለዳ እንግዶቼ ጥቁር ለብሰው፣ ምግብ ተሸክመው ገቡ። ሉዝ ሊያጽናኗት የመጡ መሰላት። ሽማግሌያችን ጋሽ ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠርገው በእንግሊዝኛ «ልጄ፣ እንግዲህ የእግዜር ሥራ…» ሲሉ በሩ ተበረገደ። የአክስቷ ልጅ! ስልኩ አልነሣ ቢላት ከሳን ሆዜ ነድታ መጥታለች።

«እናትሽ ተርፈዋል! ትምህርት ቤት ጣሪያ ላይ ተገኙ! ትናንት ከደስታ ብዛት መናገር አቅቶኝ ነው!»

አቤት ያን ቀን! እትዬ ብርቄ ያዘቀዘቁትን ነጠላ አዙረው እልልታውን አቀለጡት። የለቅሶው ምግብ ድግስ ሆነ። ሉዝ ጋሽ ታደሰን አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ ሳመቻቸው። ባሕሩ የወሰዳቸውን ጎረቤቶቿን ስም እየጠራች ታለቅሳለች፣ መልሳ ትስቃለች፤ እኛም አብረናት። እኔማ እስክስታ ወረድኩ! የአክስቷ ልጅ ስለ ስልኩ ስትጠይቅ «ተበላሽቶ ይሆናል» ብዬ መጨፈሬን ቀጠልኩ።

ሉዝ ዛሬም ባገኘችኝ ቁጥር «በጭንቄ ቀን አገር ሰብስበሽ የመጣሽልኝ» እያለች ታቅፈኛለች። ልማዳችን ነው ብዬ ላመካኝ? አላመካኝም። እናቷ በሕይወት እያሉ ያን ሌሊት ሙሉ የገደልኩባት እኔ ነኝ። ሉዝዬ፣ ስልኩ አልተበላሸም ነበር። ይቅር በይኝ።