ዩኪ የተወችልኝ ካሴት

ትናንት እዚህ ስዊድን፣ ሱንድቢበሪ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ካለ የጃፓን ምግብ ቤት ምሳ ስበላ፣ ከድምፅ ማጉያው የማውቀው ዘፈን መጣ። ማንኪያዬን አስቀመጥኩ።

መጀመሪያ ስሰማው አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ የምንኖረው አካላ የሚባል ሰፈር ነበር። ያለችኝ አንዲት ጓደኛ ዩኪ ከወላጆቿ ጋር ወደ ጃፓን ስትመለስ፣ በአገሯ በጣም የምትወደድ የአንዲት ዘፋኝ ዝነኛ ዘፈኖች በካሴት ቀድታ ሰጠችኝ። ትርጉማቸው ሳይገባኝ ሁሉንም በቃሌ ያዝኳቸው።

ያን ጊዜ ሊጠይቁን ከአዲስ አበባ የመጡት አያቴ፣ እማማ፣ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ነበር የሚተኙት። አንድ ቀን ከካሴቱ ጋር ስዘፍን፣ የሹራባቸውን ቁልፍ እየቆለፉ፣ "ይቺን ድገሚያት እስቲ፤ ሆድ ታባባለች። ምን ትላለች?" አሉኝ።

"ቬት ኢንተ" አልኳቸው በስዊድንኛ፤ አላውቅም ማለቴ ነው።

"የማታውቂውን ቋንቋ አንዲት ቃል ሳትስቺ ትዘፍኚያለሽ፤ በምታውቂው ቋንቋ ግን ለእኔ አትመልሺልኝም" አሉ፣ ሳይቆጡ።

ስለ ዩኪ ልነግራቸው ፈለግሁ። በአማርኛ ስሞክር የሚመጣልኝ ስዊድንኛ ብቻ ሆነ። ተናድጄ ቴፑን አጠፋሁና በሩን በኃይል ዘግቼ ወጣሁ። በሳምንቱ አገራቸው ገቡ፤ ከዚያ ወዲያ አልተያየንም።

ዛሬ አማርኛ አቀላጥፌ እናገራለሁ። ትናንት ግን፣ "እማማ፣ ዩኪ ማለት..." ብዬ በሆዴ ጀመርኩና የሚቀጥለው ቃል ጠፋኝ። ሩዙን ሳልጨርሰው ተነሣሁ።