የዕንቁ ጠላቂዎቹ ጸሐፊ፦ ከሱሉልታ እስከ ሰበታ

ከሱሉልታ የተነሣሁት ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው። የምሄደው ቡራዩ፣ አባባ ኢድሪስ የሚባሉ ሽማግሌ ዘንድ ነበር፤ አንድ ነገር ልጠይቃቸው። ጊዜው ታኅሣሥ 2008 ነው፤ የገበሬውን መሬት ወደ አዲስ አበባ ይጠቀልላል የተባለው ማስተር ፕላን ያስነሣው ተቃውሞ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉትን ከተሞች ሁሉ ያናወጠበት ወር። ባለቤቴ፣ "ትንሽ እስኪረጋጋ ብትቆዪስ?" ብሎኝ ነበር። እኔ ግን አባባ ኢድሪስ ሰማንያን ማለፋቸውን አውቃለሁ፤ ጥያቄውንም ሦስት ዓመት ተሸክሜዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ሳሌህ ወጣትነቱን ያሳለፈው ምፅዋ ነው። በዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ ባሕር ጠልቀው ዕንቁ የሚያወጡ ሰዎች ጀልባ ላይ ይሠራ እንደነበር ነግሮናል፤ ከዚያ አልፎ ግን ትንፍሽ አላለም። ሲሞት ለቅሶ የመጣ አንድ የምፅዋ ሰው፣ ልጁ መሆኔን ሳያውቅ፣ "የጀልባው አዛዥ ጸሐፊ ነበር እኮ፤ ስንቱን ጠላቂ በዕዳ አሳሰረ!" ሲል ሰማሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለ አባቴ ማውራት አቆምኩ። አብረውት ከሠሩት ሰዎች በሕይወት የቀሩት አባባ ኢድሪስ ብቻ ነበሩ።

ቡራዩ

ከሱሉልታ አዲሱ ገበያ ሰባት ብር ከፍዬ ወረድኩ፤ ከዚያ አስኮ። አስኮ ላይ የሚኒባሱ ረዳት፣ "አሸዋ ሜዳ ድረስ ብቻ! ከዚያ በኋላ ዝግ ነው!" እያለ ይጮኻል። እውነቱን ነበር። አሸዋ ሜዳ ስንወርድ አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል፣ ጎማ የተቃጠለበት ቦታ ጠቁሯል፣ ሱቆቹ ሁሉ ተዘግተዋል። መንገድ ዳር ከቆሙት ወጣቶች አንዱ ጠጋ አለኝ።

"እናቴ፣ ወዴት ነው?"

"ሽማግሌ ልጠይቅ።"

"አስፋልቱን ይልቀቁ፣ በውስጥ በኩል ይሻልዎታል" ብሎ መንገዱን አሳየኝ።

አርባ ደቂቃ ያህል በእግሬ ሄጄ ደረስኩ። የአባባ ኢድሪስ በር ተቆልፏል። ሰውየው ሞተው ይሆን? አጥሩን ይዤ እንደቆምኩ አንድ ጎረቤት ገበሬ ከጤፍ ክምራቸው አጠገብ ቀና ብለው አዩኝ። ኦቦ ቶሎሳ ይባላሉ።

"አካም ቡልተን፣ ኦቦ?"

"ናጋ፣ ናጋ! ኢድሪስን ፈልገሽ ነው?"

"ደህና ናቸው?"

"ደህና ነው፣ አትደንግጪ። ትናንት ተኩስ ሲሰማ ልቡን አመመው። በጋሪዬ ጭኜ በማሳው አሳበርኩና አስኮ አደረስኩት፤ ልጁ ፋጡማ ሰበታ ወሰደችው።"

እፎይ አልኩ። ኦቦ ቶሎሳ እርጎ ቀድተው ሰጡኝና ስጠጣ ማሳቸውን እያዩ፣ "ይኸንን ጤፍ እንወቃለን። የከርሞውን ማን እንደሚዘራበት ግን የነገረን የለም" አሉ። የፋጡማን ስልክ ተቀብዬ መንገዴን ቀጠልኩ።

ሰበታ

ከአየር ጤና ሰበታ ስምንት ብር ነው። ዓለም ገና ላይ ፍተሻ ነበር፤ ወርደን መታወቂያ አሳየን። ሰባት ሰዓት ሲሆን ፋጡማ በሩን ከፈተችልኝ። አባባ ኢድሪስ ግቢው ውስጥ ፀሐይ እየሞቁ ፓስታ ይበላሉ። ትንሽ ከስተዋል እንጂ ድምፃቸው ጎርናና ነው።

"የሳሌህ ልጅ! ግንባሩን ወስደሻል። ነይ ብዪ።"

መብላቱ አልሆነልኝም። "አባባ፣ አባቴ ሰው በዕዳ አሳስሯል?" አልኳቸው።

ሹካቸውን አስቀመጡ። "አዎ፣ አሳስሯል" አሉ። "አሁን ደግሞ የቀረውን ስሚ።"

ጠላቂዎቹ ሥራ በሌለበት ወራት የሚበሉትን ሩዝና ተምር ከናኹዳው፣ ማለትም ከጀልባው አዛዥ፣ ይበደራሉ። ወቅቱ ሲደርስ ጠልቀው ይከፍላሉ፤ ዕዳው ግን አያልቅም። መዝገቡን ማንበብ የሚችሉት ናኹዳውና ጸሐፊው ብቻ ናቸው። ጠላቂው ከሞተ ዕዳው ወደ ልጁ ይዞራል። አባባ ኢድሪስ አሥራ ሰባት ዓመታቸው ሳለ አባታቸው ባሕር ውስጥ ቀሩ።

"ናኹዳው በአባትህ ፈንታ ጥለቅ አለኝ። እምቢ አልኩ። አራት ጠላቂዎች ከእኔ ጋር ቆሙና እንዲፈርድልን ምፅዋ ቃዲው ዘንድ ሄድን። ናኹዳውም እንዲመሰክርለት አባትሽን ከነመዝገቡ አመጣው። ቃዲው አንብብ አለው። አባትሽ መዝገቡን ገለጠ። ከዚያ፣ 'ይኼ ዕዳ ሁለት ጊዜ ተጽፏል። ታዝዤ የጻፍኩት እኔ ነኝ' አለ።"

ፋጡማም ሥራዋን ትታ መስማት ጀመረች።

"ቃዲው፣ 'ሟቹ ምን ትቶ ሞተ?' ብሎ ጠየቀ። አንድ ቢላዋና ስንጠልቅ አፍንጫችንን የምንይዝበት መቆንጠጫ አልን። ናኹዳውን፣ 'እንግዲያው የሚገባህን ከዚያ ላይ ውሰድ፤ የሙት ዕዳ ልጅ አያስርም' አለው።"

"ወሰደው?"

"ወሰደ እንጂ! መቆንጠጫውን ኪሱ ከትቶ ሲወጣ ሰው ሁሉ ሳቀበት።" አባባ ኢድሪስም እስኪያስላቸው ሳቁ። "በሚቀጥለው ወቅት የራሱን የዕዳ ወረቀት ሳይዝ ጀልባ ላይ የወጣ ጠላቂ የለም። ወረቀቱን የጻፈልን አባትሽ ነው፤ ለእያንዳንዳችን ድምፁን ከፍ አድርጎ እያነበበ። እሱን ግን የሚቀጥር ናኹዳ ጠፋ። አዲስ አበባ የመጣው ለዚያ ነው።"

"ታዲያ ለምን አልነገረንም?"

"የመሰከረውን ቢነግራችሁ፣ የጻፈውንም መንገር ነበረበታ፣ ልጄ።"

እንባዬ መጣ፤ ያዘንኩ ግን አይመስለኝም። ከዚያ በኋላ ፓስታውን ጥርግ አድርጌ በላሁ።

ወደ ቤት

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሣሁ። ሱሉልታ ስደርስ ሜዳው ላይ ገና ፀሐይ ነበር፤ ባለቤቴ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ልብሴን ሳልቀይር አዳማ ለሚኖረው ወንድሜ ለከማል ደወልኩ። እሱም እንደ እኔ የለቅሶውን ወሬ ሰምቶ ዝም ያለ ሰው ነው። ቀኑን ሙሉ የተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ ግማሽ እውነት ይዞ መኖር ሰውን ያደክማል። ስለዚህ አላሳመርኩለትም፤ መጀመሪያ አባታችን የጻፈውን፣ ቀጥዬ የመሰከረውን ነገርኩት።

ከማል፣ "ቆዪ፣ ልጆቹን ልጥራቸው" አለኝ። "እንደገና ከመጀመሪያው ንገሪን።"