ለእንሽላሊቷ የለቀምኩት በረሮ

በደርግ ጊዜ ታላቅ ወንድሜ ሁለት እግሩን ግንባር ላይ ትቶ ሲመለስ፣ እኔ ከሀቢቾ መንደር ወረድ ብሎ ባለ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። እናታችን ገበያ ስለምትውል አስታማሚዋ እኔ ነኝ። ከሰው ጋር ማውራት ትቷል። ከግድግዳው ስንጥቅ የወጣች እንሽላሊት በካርቶን አኑሮ ግን ከእሷ ጋር ሲያወራ ይውላል። እሷ ስትበላ እሱም ይጎርሳል፤ እሷ ካልበላች ሳህኑን ይገፋዋል። ይኸው፣ የመምህርነት ደረጃዬ ከፍ ብሎ ፌንጣ አሳዳጅ ሆንኩ።

መራጭነቱ ደግሞ አይጣል ነው! ከጭንቅላቷ የሚበልጥ ፌንጣ ያንቃታል፤ ፀጉራም አባጨጓሬ አይሆንም፤ ፌንጣውም ለእሷ ከመሰጠቱ በፊት ጎመን ጠግቦ ማደር አለበት። ለሰው የጠፋ ጎመን ለፌንጣ! አጉረመርማለሁ፤ ወንድሜ መብላቱን ሳይ ግን ዝም እላለሁ።

ሰኔ ላይ የወባ ሠራተኞች መጥተው ቤቱን ዲዲቲ ረጩት። የሞቱትን ነፍሳት እንዳይለቅሙ ዶሮዎቹን ዝጉ አሉን። እኔም ይህንኑ ለተማሪዎቼ አፌን ሞልቼ አስረድቻለሁ። በሦስተኛው ቀን ዝናብ ደብድቦኝ፣ ጭቃ እስከ ጉልበቴ ውጦኝ ስገባ፣ ግድግዳው ሥር በረሮዎች ሲንገዳገዱ አየሁ። ወጥቼ ፌንጣ የማሳድድበት አቅም አልነበረኝም። ሦስቱን ለቀምኩ።

ከየት እንዳመጣኋቸው ጠየቀኝ። ከደጅ፣ ከእንጨት ክምሩ ሥር ነው ብዬ ዓይኔን በጨው አጥቤ ዋሸሁት።

በማግስቱ ጠዋት እንሽላሊቷ ትንቀጠቀጥ ነበር፤ ለምሳ ሰዓት አልደረሰችም። ወንድሜ ካርቶኑን ዘጋው።

«ደክሞሽ ነበር» አለኝ።

ምነው በሰደበኝ! ያን ጊዜም እውነቱን አልነገርኩትም፤ ፈራሁ፣ አፈርኩም።

ከዚያ ወዲህ ከምግቡ ሁለት ጉርሻ ካነሳ ትልቅ ነገር ሆነ። እኔንም አንዳች ነገር መጠየቅ አቆመ። አንድ ቅዳሜ ጓዳ ልብስ ሳጥፍ አርፍጄ ብቅ ስል፣ ከንፈሩ ደርቆ ተሰንጥቋል። የውሃው ጣሳ እጁ ከማይደርስበት ተቀምጧል። ወንድም ጋሼ፣ እዚሁ እያለሁ ለምን አልጠራኸኝም አልኩት።

«እንዳትደክሚ ብዬ ነው» አለኝ።