በዓመት አንድ ጥይት

ከማስተምርበት ከጅማ መጥቼ፣ ከሟቹ አባቴ ሦስት ጠመንጃዎች አንዱን በጆንያ ጠቅልዬ፣ ለማስመዝገብ ዛሬ ቦንጋ ውስጥ ቢሮ ለቢሮ ስንከራተት ዋልኩ። ጠመንጃው የሚወለወልበት የላምባና የሞራ ሽታ ቀሚሴ ላይ ቀርቷል፤ ሁለቴ ቢታጠብም እንደማይለቅ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። መዝጋቢው ልጄ ሊሆን የሚችል ጎረምሳ ነው። ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል፣ "እትዬ፣ ስንት ጎራሽ ነው?" አለኝ። አንድ አልኩት። "አንድ ብቻ? ከዚያስ?" "ከዚያማ ቀለሁን አውጥተህ ሌላ ታጎርሳለህ" ስለው፣ ፎርሙ ላይ እንዲህ የሚል እንደሌለ ነግሮኝ ሰኞ ይመለሱ ብሎ ሸኘኝ። ጆንያዬን ታቅፌ ስወጣ የተናደድኩት በልጁ አልነበረም፤ በአባቴ ነበር። ሰውየው ሞቶም አላሳረፈኝም።

አባቴ ንብ አናቢ ነበር፤ ጫካ ገብቶ ከዛፍ ላይ ቀፎ የሚያወርድ፣ ማሩን በበቅሎ ጭኖ ከገበያ ገበያ የሚዞር ሰው። እናቴ ጨውና ሳሙና አምጣ ብላ ትልከዋለች፤ እሱ ማሩን በአንድ ያረጀ ውጅግራ ጠመንጃ ለውጦ፣ ጥርሱን ሳይከድን እየሳቀ ይመጣል። ሦስቱን ጠመንጃዎች ባገኛቸው ገበያዎች ስም ደካ፣ ሺሺንዳ፣ ቢታ እያለ ይጠራቸው ነበር። ሦስቱም አንድ ጎራሽ ናቸው፤ አንዱን ተኩሶ፣ ቀለሁን አውጥቶ፣ ሌላውን እስኪያጎርስ ድረስ ከርከሮው የእናቴን እንሰት ቆፍሮ ወንዝ ይሻገራል። ጎረቤቶቻችን አምስት ጎራሽ ግዛ ሲሉት፣ ጥይት የበዛለት ሰው አያነጣጥርም ይላቸዋል። እናቴ በበኩሏ፣ "ሦስት ጠመንጃ ግድግዳዬ ላይ፣ እንሰቴ ከርከሮ ሆድ ውስጥ!" እያለች ትንጨረጨር ነበር፤ እኔም በዚህ ጉዳይ ከእሷ ጋር ነኝ።

ለእነዚህ አሮጌዎች ጥይት የሚሸጥ ስለሌለ፣ የተተኮሰውን ቀለህ ራሱ መልሶ ይሞላዋል። ባሩዱ እንደ ልብ አይገኝም፤ የተገኘውንም የካፋ ዝናብ ያረጥበዋል። በዚህ የተነሳ ለአንድ ልጅ በዓመት አንድ ጥይት የሚል ሕግ አወጣ። ጥር ላይ ቡናው ተለቅሞ ሲያበቃ፣ ከእንሰቱ ማዶ ገደሉ ሥር ካስማ ተክሎ ቅል ይሰቅልና እኔንና ታናሽ ወንድሜን አስራትን ደጃፋችን ላይ አቁሞ ተራ በተራ ያስተኩሰናል። ቅሉን የመታ በሌላው ዓመት ከወንዙ ማዶ ያለውን ድንጋይ ይተኩሳል፤ የሳተ ለዚያው ቅል አንድ ዓመት ይጠብቃል። አንድ ዓመት ሙሉ! ለልጅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያልጠበቀ አያውቀውም።

አስራት በሁለተኛው ዓመት መታና ቆጮ ሲያላምጥ እንኳ ስለዚያ ያወራ ጀመር። እኔ አንዱን ዓመት ዓይኔን ጨፍኜ፣ አንዱን ዓመት ላም ስትጮህ ደንግጬ፣ የቀሩትን ዓመታት ያለ ምንም ምክንያት ሳትኩ። ትከሻዬ ይበልዛል፣ እናቴ ቅቤ ታሸኛለች፣ አባቴ ደግሞ ፈገግ ብሎ "የዓመት ሰው ይበለን" ይላል። ያን ስሰማ ደሜ ይፈላ ነበር።

ለመምህርነት ሥልጠና ልሄድ በተሰናዳሁበት ጥር፣ እንደምመታ እርግጠኛ ነበርኩ። ትንፋሼን ያዝኩ፣ ደካን ትከሻዬ ላይ አጥብቄ ደገፍኩ፣ ቃታውን ሳብኩ። ቀጭ አለና ከሸፈ። አባቴ ጥይቱን አውጥቶ ኪሱ ሲከት፣ ሌላ ስጠኝ አልኩት።

"የከሸፈም ጥይት ነው" አለኝ። "ከርከሮ ቢሆን ይጠብቅሽ ነበር?"

ጠመንጃውን መሬት ላይ ወረወርኩት፤ ሰደፉ ተሰነጠቀ። አልተቆጣኝም። አንስቶ አፈሩን በጋቢው ጫፍ ጠረገለት። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሳልሰናበተው አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ከዚያ ወዲህ ጥር በመጣ ቁጥር አስራት ይደውልልኛል፤ አባባ ያንቺን ጥይት ሞልቶ እየጠበቀሽ ነው፣ መቼ ትመጪያለሽ ይለኛል። እኔ አንዴ ፈተና አርማለሁ፣ አንዴ ልጅ ታሞብኛል፣ አንዴ መንገዱ ተበላሽቷል፤ ሰበብ አጥቼ አላውቅም። ለፋሲካ ሄጄ ስሜው እመለሳለሁ፣ ስለ ጠመንጃ ግን ትንፍሽ አልልም። አኩርፌያለኋ! የሁለት ልጆች እናት በአንድ የከሸፈ ጥይት ስታኮርፍ ያሳፍራል፤ ቢያሳፍርም አኩርፌ ነበር። ባለፈው ክረምት ሞተ።

ለቅሶው ጋብ ሲል እናቴ እጄን ይዛ ወደ ደጅ አወጣችኝና ከበሩ ጥቂት እርምጃ ርቆ የቆመውን ካስማ አሳየችኝ። ለፋሲካ ስመጣ አይቼው የጥጃ ማሰሪያ መስሎኝ ነበር። ለካስ የእኔ ካስማ ነው። ከአስራት መምታት በኋላ ቅሉ የእኔ ብቻ ስለነበር፣ አባቴ በየዓመቱ ጥር ላይ በማለዳ እኛ ሳንነሳ ካስማውን ነቅሎ ጥቂት እርምጃ እያስጠጋ ይተክለው ኖሯል፤ ልጅ ይህን የት ያስተውላል? እኔ በቀረሁባቸው ዓመታትም አልተወም። ሳልመጣ በቀረሁ ቁጥር ሲያስጠጋ፣ ሲያስጠጋ፣ ከገደሉ ሥር የተነሳው ካስማ ደጃችን ደርሷል።

"ለምን አልነገራችሁኝም?" ብዬ ጮህኩባት።

"ብንነግርሽ ትተኩሺ ነበር?" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ይህም አናደደኝ።

ዘንድሮ ጥር ላይ አስራት አባታችን የሞላልኝን አንድ ጥይት ሰጠኝና ቅሉን እዚያው ደጃፍ ላይ ሊሰቅለው ሄደ። እዚያ እንኳን በጠመንጃ፣ በድንጋይም አይሳትም። አይሆንም አልኩት፤ ካስማውን ነቅለን ገደሉ ሥር፣ የመጀመሪያው ቦታ ላይ ተከልነው። አነጣጠርኩ፤ ዓይኔንም አልጨፈንኩም። ጥይቱ ጮኾ ወጣ፣ ሰደፉ ትከሻዬን መታኝ፣ ቅሉ ግን እንደተሰቀለ ቀረ።

አስራት መሳቅ ጀምሮ ፊቴን ሲያይ ተወው። ቀለሁን አውጥቼ ገና እንደሞቀ መዳፌ ላይ ያዝኩት። ከእንግዲህ የሚሞላልኝም፣ ዓመት ጠብቂ የሚለኝም የለም።