አጨብጭበን ደሞዛችንን አስቆረጥን

እባካችሁ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ዛሬስ እመኑኝ! አምና ጣቢያውን ጎርፍ ወሰደው ብዬ በከንቱ ከጎንደር እንዳስሮጥኳችሁ አይደለም፤ ይኸ በዓይኔ ያየሁት፣ በገዛ እጄም ያጨበጨብኩት ነው።

እኔ እዚህ መተማ የዩኒቨርሲቲው የሰሊጥ ምርምር ጣቢያ ወጥ ሠሪዋ ነኝ። ዛሬ ጠዋት የሠራተኛ ማኅበራችን ሊቀመንበር ስብሰባ ጠራን።

በጋውን ያለ ደሞዝ ቤታችሁ ትቀመጣላችሁ፣ ስትመለሱም ደሞዛችሁ ይቀነሳል አለን። ወዲያው ግራ እጁን አንሥቶ "ኢምፔሪያሊዝም ይውደም!" ሲል እኛም "ይውደም!" ብለን እንደለመደብን አጨበጨብን።

እሱ ሆዬ "በሙሉ ድምፅ ጸድቋል!" ብሎ ቁጭ!

ትራክተር ነጂው ጋሽ አያሌው ገና እያጨበጨቡ "ምን አለ ልጄ?" ይሉኛል። "ደሞዛችንን እየሸኘን ነው ጋሼ" አልኳቸው። እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

አላስቻለኝም፣ ተነሣሁ። "ጓድ ሊቀመንበር፣ እኛ ያጨበጨብነው ለመፈክሩ ነው እንጂ ለደሞዙ አይደለም" አልኩ።

"አንቺ የማን ቅጥረኛ ነሽ? ነገ ማታ ቀበሌ ቅረቢ!" አለኝ። ሌላው ሁሉ አቀረቀረ።

ጎንደር ያላችሁ የማኅበራችን ሰዎች፣ የጣቢያችን ሹፌር ዛሬ ማታ ይኸን ደብዳቤ ሲያደርስላችሁ የማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፉት። እናንተስ ዘንድ እንዲህ በጭብጨባ የጸደቀባችሁ የለም? ካለ "እኛም ያጨበጨብነው ለመፈክሩ ነው" በሉ፣ ብቻዬን አታስቀሩኝ።

ነገ ቀኑን ሙሉ ከመተማ ቴሌ በር አልንቀሳቀስም። እባካችሁ ጀምበር ሳትጠልቅ ደውሉልኝ።