በጉ መዶሻ ያነሳበት ረፋድ

ጋራዡ ውስጥ ሁሉም «በጉ» ነበር የሚሉት። ባቲላሜራ ነው፤ የተጨረማመተ የመኪና በር በመዶሻ ቀጥቅጦ ያቀናል። ክንዱ የሌላ ሰው ጭን ያህላል፣ ሆኖም ሃያ ዓመት ሙሉ ከማንም ጋር ክፉ ደግ ተነጋግሮ አያውቅም። «ቢሰድቡት እንኳ አመስግኖ ይቀበላል» እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

ስኳር በሽታ ይዞት ኢንሱሊን መወጋት ከጀመረ በኋላ ግን ነገር ተበላሸ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ መኪናውን ሊወስድ የመጣን ደንበኛ አንገቱን ይዞ ፊቱን ከኮፈኑ ጋር አጋጨው። ከሰዓት በኋላ ሲጠይቁት ምንም አያስታውስም። በሌላ ቀን እቤቱ፣ ልብስ ሰፊ የሆነችውን ሚስቱን ከነስፌት መኪናዋ ገፍቶ ከግድግዳው ጋር አላተማት፤ ሁለት የጎን አጥንቷ ተሰነጠቀ። እሷ ግን ለጎረቤት «ደረጃ ላይ ወደቅኩ» አለች።

ክሊኒክ ወሰደችው። ሐኪሙ ቀና ብሎ ሳያየው ወረቀቱን አየና «የጠዋቱ ስኳር ከፍ ብሏል» ብሎ የኢንሱሊኑን መጠን ጨመረ። ቁጣው ባሰ። የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ሄዱ፤ እሱም የሚያረጋጋ ክኒን አዘዘ። አንዱ ሌላው ያዘዘውን አልጠየቀም። በጉም ጠዋት ይወጋል፣ ክኒኑን ይውጣል፣ በባዶ ሆዱ ብረት ይቀጠቅጣል።

አንድ ማክሰኞ አምስት ሰዓት ላይ፣ እዚያው ጋራዥ ቀለም የሚቀባው የሚስቱ ወንድም ላቡ በአገጩ ሲንጠባጠብ አየው። ጠጋ ብሎ ትከሻውን ያዘና «ጋሼ፣ እስቲ አረፍ በል» አለው።

በጉ ዞሮ በመዶሻው መንጋጋውን አለው። የአጥንቱ ድምፅ ግቢው ድረስ ተሰማ። ቀለም ቀቢው በጉልበቱ ወደቀ፣ ሁለተኛው ምት ማጅራቱ ሥር አረፈ። አራት ሰዎች በጉ ላይ ተረባረቡ፤ የጋራዡ ኤሌክትሪሺያን በብረት ቱቦ ጉልበቱን መትቶ ጣለው። መኪና በሚጎተትበት ገመድ ሲጠፍሩት እየተንፈራገጠ የአንዱን እጅ እስኪደማ ነከሰ። ከዚያ በድንገት ዝልፍልፍ አለ። ፖሊሶች ሲመጡ የሞተ መስሏቸው ነበር።

ድንገተኛ ክፍል ያገኘችው ነርስ ጠና ያለች አጭር ሴት ናት። ማንንም ሳትጠይቅ ጣቱን ወግታ ለካችው። «ሠላሳ አንድ» አለች፤ «ይሄ ሰው ስኳሩ አልቆ ነው እንዲህ ያበደው።» ግሉኮስ በደም ሥሩ ሰጠችው። ጥቂት ቆይቶ ዓይኑን ገለጠ።

«እጄን ማን ነው ያሰረው?»

«ቁርስህን ስንት ሰዓት ነው የምትበላው?» አለችው።

«አልበላም። ሥራዬን ሳላጋምስ አይዋጥልኝም።»

«መርፌውስ?»

«አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ከቤት ስወጣ።»

«ይህን ለሐኪምህ ነግረኸዋል?»

«አልጠየቀኝም።»

ነርሷ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያም ሚስቱን ለብቻ ጠርታ ስኳር በሽታን ብቻ የምትከታተል ሐኪም ዘንድ እንድትወስደው ነገረቻት። «የሚጠይቅሽን ሐኪም ፈልጊ» አለቻት፤ «ምን ይሠራል፣ መቼ ይበላል ብሎ የማይጠይቅሽ ከሆነ ተነሺና ሌላ ጋ ሂጂ።»

አዲሷ ሐኪም ጠየቀች። መዶሻው ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ሳይቀር ጠየቀች። መጠኑን ቀነሰች፣ ሳይበላ እንዳይወጋ አስጠነቀቀችው፤ ለአእምሮ ሐኪሙም ደብዳቤ ጽፋ በሁለቱ ስምምነት ክኒኑ ቀስ በቀስ ቀረ። ሚስቱ ጣቱን መውጋትና መለካት ተማረች።

በጉ የሠራውን የሰማው ከሰው አፍ ነው። አማቹ አልጋ አጠገብ ሄዶ ጎንበስ ብሎ እግሩን ሳመ። ቀለም ቀቢው መንጋጋው በሽቦ ታስሮ ስድስት ሳምንት በማንቆርቆሪያ የሚንቆረቆርለትን አጥሚት እየጠጣ ነው የኖረው። ሽቦው ሲፈታለት ለእህቱ እንዲህ አላት፦ «እትዬ፣ ክስ የለኝም። በሽታው ነው፣ አውቃለሁ። ግን ከኋላዬ መዶሻ ሲመታ ስሰማ ቀለሙን ጥዬ እወጣለሁ።» ሌላ ጋራዥ ገባ። ከበጉ ጋር ሲገናኙ ይሳሳማሉ፣ ብዙ አያወሩም።

ጋራዡ ውስጥ አሁን አራት ሰዓት ሲሆን ሁሉም ሥራ አቁሞ በጉ ዳቦውን እስኪጨርስ ያየዋል። ባለፈው ወር ዳቦውን ረስቶ ዓይኑ ፈዘዘ። ኤሌክትሪሺያኑ ስኳር የበዛበት ሻይ ይዞ ሲቀርበው በቡጢ አፍንጫውን ሰበረው። ሰውዬው ደሙን በእጅጌው ጠረገና፣ ሌሎቹ የበጉን ክንድ እንዲይዙለት አድርጎ፣ «ጠጣ፣ በጉ፣ ጠጣ» እያለ ብርጭቆውን እስከ ታች አስጨረሰው።